ጀርባዬ ላይ አልተኛ ያለ ራስ

ልጆቼ ቤት በየተራ ነው የምኖረው፤ ጥቂት ቆላው ላንቴ፣ ጥቂት ከተማ፣ ሲከፋኝ ደግሞ ደጋ። በዚያ ሰሞን ላንቴ፣ ሴት ልጄ ዘንድ ነበርኩ። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ በትኩሳት ስትቃጠል አድራ ጠዋት አስመለሳት። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ እኔም ወባ መሰለኝ።

ላባብላት ብዬ አዘልኳት። ስንቱን አዝያለሁ! የታመመ ልጅ ጀርባ ላይ ሲወጣ ጉንጩን ለጥፎ ዝልፍልፍ ይላል። ይቺ ግን ራሷን ወደ ኋላ ገትራ እንጨት ሆነችብኝ። አንገቷን በእጄ ወደ ትከሻዬ ላስጠጋ ብል ጮኸች። በሩ ሲከፈት ዓይኗን ከብርሃኑ ሸሸገች።

“ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ” አልኳት እናቷን።

“አንቺ ደግሞ! መንገድ ካማረሽ ብቻሽን ሂጂ። አባቷ ሙዙን አስጭኖ ይመለስና እናያለን።”

“መንገዱስ ያምረኛል። ይቺ ግን አንገቷ እምቢ አለ፤ ነይ ንኪያት።”

ነካቻት። ከዚያ ወዲያ ነጠላዋን እንኳ የለበሰችው እየሮጠች ነው።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የልጅቷን አገጭ ደረቷ ላይ ልታስነካ ሞከረች፤ አልሆነም። “ማጅራት ገትር እንዳይሆን” ብላ መርፌ ወግታ ወደ ሆስፒታል ላከችን። እዚያ ከወገቧ ፈሳሽ እንውሰድ ሲሉ ልጄ “ሽባ ልታደርጓት ነው!” ብላ ጮኸች።

“እህቴ፣ የሚጎዳት በሽታው ሳይታወቅ መቆየቱ ነው” አላት ሐኪሙ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን አውቃለሁ? “ይውሰዱ” አልኩ።

አብረናት የምናድረውንም ጠርተው መድኃኒት አስዋጡን። በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል፣ ተጨናንቃችሁ አትተኙ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የታናሿንም ክትባት አስጨርሱ አሉን።

እግዜር ይመስገን፣ ተረፈች። ትበላለች፣ ትሮጣለች። ትናንት ግን ከኋላዋ ስጠራት ዝም አለች። ጠጋ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ዝም። የሳቀችው ዞራ ስታየኝ ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ፣ ይህ በሽታ ጆሮም ይነካልና መልሳችሁ አምጧት ብለውን ነበር።

“ነገ እንውሰዳት” አልኩ።

“ጨዋታ ይዟት ነው እንጂ ምን ሆነች” አለች ልጄ፣ ፊቷን ሳታሳየኝ። የልጅቷን የክት ቀሚስ ግን ዛሬ ማለዳ አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታዋለች።