የአባቴ መሸኛ ደብዳቤ

«ወረቀቱን ተዉት አልኳችሁ እኮ» አለ ወንድሜ እያሱ ከጆሃንስበርግ። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ የእናቴን የስኳር ጣሳ ተደግፏል። «ፓስፖርትና ቲኬት ይበቃዋል። ሌላ ነገር አታሸክሙት።»

«ያለ መሸኛ የሚሄድ ሰው ሌባ ነው» አለ አባቴ።

«አባ፣ እዚህ መሸኛ የሚያነብ የለም።»

«ሰው የለም በለኛ።»

ሻንጣዬ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝ ሚኒባስ ከሆሳዕና መናኸሪያ ሊወጣ አንድ ሰዓት አልቀረውም፤ እነሱ ግን በአንዲት ቅጠል ወረቀት ይከራከራሉ። እኔ መሀላቸው ቆሜ ለሁለቱም ልሆን እሞክራለሁ፤ ለአባቴ ልጅ፣ ለእያሱ ታናሽ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። የአጥቢያው ማህተም እሱ ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አይለየውም። ወረቀት ለምን እንደሚያከብር እናንተ ሰፈር ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። አዲስ ሙሽራ ሆኖ ከሀቢቾ ወደ ሆሳዕና ሲመጣ ዘመድ አልነበረውም። የያዘው የሀቢቾ ምእመናን የጻፉለትን መሸኛ ብቻ ነበር። እሑድ በጉባኤ ፊት ቆመ፣ ደብዳቤው ተነበበ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት የሚያከራየውም፣ ሲታመም የሚጠይቀውም፣ ሲያዝን የሚቀመጥለትም አገኘ። ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አለች።

ለእኔም እንዲሁ አደረገ። እሱ በሀዲይኛ እየነገረኝ በአማርኛ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም መሞካከር ጀምሬ ነበርና፣ «ሰላማዊ ልጅ ነው በል» ያለኝን እንዲህ አሳመርኩት፦ «ልጃችን ሳሙኤል በመካከላችን በፍቅር ያደገ፣ ማንንም ያላሳደደ፣ ማንም ያላሳደደው፣ በሰላም ኖሮ በሰላም የተሸኘ ነው።» አባቴ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ፈረመ። ማህተሙን በትንፋሹ አሙቆ መታው።

ደብዳቤውን ሻንጣዬ ውስጥ ከከተተ በኋላ ፓስፖርቴን ገልጦ ቪዛውን ወደ ብርሃን አስጠጋው።

«ጉብኝት ይላል። ልጁ የሚሄደው ሊሠራ ነው። ለምን ጉብኝት ይላል?»

እያሱ ሳቀ። «አባ፣ ቪዛ ቪዛ ነው። ይግባ እንጂ ከገባ በኋላ ይስተካከላል።»

የእኛን ሰው ያስጨረሰው ይህ «ይስተካከላል» ነው። ከቤታችን ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቀው አባቴ ነበር፤ ማናችንም አልመለስንለትም።

ጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ወንድሜን ልጎበኝ አልኩ። የሥራ ጫማዬ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ማህተሙን ሲመታልኝ የአባቴ ማህተም ድምፅ ነው የመሰለኝ፤ ደስ ማለቱ ቀርቶ አሳፈረኝ።

እያሱ ሱቅ ያለው የእኛ ሰዎች «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ነው። ሱቁ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ውስጥ ሆነህ ትሸጣለህ፣ ውስጥ ትተኛለህ። እኛ ዘንድ ሰላምታ ብቻውን ከሱቁ ገበያ ይረዝማል፤ የልጆቹም፣ የከብቱም፣ የእንሰቱም ደኅንነት ይጠየቃል። እዚያ በፍርግርጉ ሳንቲም የያዘ እጅ ይገባል፣ ዳቦ ይዞ ይወጣል። ፊቱን ሳላይ በእጁ ብቻ የለየሁት ደንበኛ ብዙ ነው። ፓፕ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ብትበላው ቡላ ነው ልትል ትቃረባለህ፣ ግን ቅቤ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ሰኔ ላይ እናንተ ጭቃ ስታቦኩ፣ እዚያ ሰማዩ ደርቆ፣ ጠራርቶ፣ እንደ ቢላ የሚቆርጥ ብርድ ነበር።

የተፈቀደልኝ ወር አለቀ። እያሱ አንድ ቀን ሳይነጋ ቀስቅሶኝ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ደጅ ወስዶ ሰልፍ ላይ አቆመኝ። እግረ መንገዱንም ታሪክ አስጠናኝ። ታሪኩ ውስጥ መታሰር አለ፣ በአጥር መዝለል አለ፣ የሚፈልጉኝ ሰዎችም አሉ። ብታለቅስ ይሻላል አለኝ፤ ካላለቀስክም ግንባርህን ያዝ።

እሱ ወደ ሱቁ ሲመለስ ከፊቴ የተሰለፈው ሰውዬ ዞር አለ። የአንጋጫ ሰው ነው፣ ሀገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ፤ ሁላችንም መምህር ታደሰ እንለዋለን። የራሱን ወረቀት ሊያሳድስ ነው የመጣው።

«በምን ገባህ?» አለኝ።

«በቪዛ።»

«በየትኛው?»

ከአባቴ ቀጥሎ ይህን የጠየቀ ሁለተኛው ሰው እሱ ነው። የጉብኝት መሆኑን ነገርኩት። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል አንድ በአንድ አስረዳኝ። የጉብኝት ቪዛ አይተህ የምትመለስበት ነው፣ አትሠራበትም። የሥራ ቪዛ መጀመሪያ ቀጣሪ ይፈልጋል፣ የሚጠየቀውም ሀገር ቤት ሆነህ ነው፤ በጉብኝት ገብተህ እዚህ ወደ ሥራ ልቀይረው ብትል አይሆንም። የቤተ ዘመድ ቪዛ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ዘመድ ይፈልጋል፤ ወንድሜ ራሱ በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ እኔን ሊስብ አይችልም። ጥገኝነት ደግሞ ለተሳደደ ሰው ነው።

«ዳምቦያ ገበያ ስትሄድ» አለኝ፣ «የከብቱ ተራ ላይ ዶሮ ይዘህ ብትቆም እስኪመሽ ማንም አይጠይቅህም። ዶሮዋ ጥፋት የላትም። ጥፋቱ የቆምክበት ተራ ነው።»

«አሁን የቆምኩትስ?»

ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ አየው። «የተሳደዱ ሰዎች ተራ ላይ ነህ። ማን አሳደደህ?»

ሆሳዕና ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሦስት ዓመት ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እኩዮቼ አንድ በአንድ ሲሄዱ፣ በየቤቱ የጎደለው ሰው ፎቶ ሲሰቀል አየሁ። ያሳደደኝ ይህ ነው። ቅጹ ላይ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ፖለቲካ ሣጥን አለ፤ ግድግዳ ለተደገፈ ሰው ሣጥን የለም።

ቃለ መጠይቁ ከብዙ ወር በኋላ ደረሰ። ጠያቂዋ ሴትዮ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትከሻቸው ላይ ሹራብ ጣል አድርገዋል። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ ድምፁ የደከመው የአዲስ አበባ ልጅ። የተጠናውን ታሪክ ጀመርኩ። እስከ አጥሩ ድረስ በደህና ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ሴትዮዋ እጃቸውን አነሱና ማስረጃ አለህ ወይ አሉኝ።

እኛ ሀገር ባዶ እጁን ቢሮ የሚገባ ሰው የለም። ቀበሌ ሂድ፣ ወረዳ ሂድ፣ ወረቀት ከሌለህ ቆመህም አትታይም። እጄ ሳያማክረኝ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ማህተም ያለበት ወረቀት አንድ ብቻ ነበረኝ። ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ኮራሁ።

ለአስተርጓሚው ጮክ ብለህ አንብብለት አሉኝ። አነበብኩ። ግጥም እንደሚያነብ ሰው ድምፄን ሞላ አድርጌ «ማንንም ያላሳደደ» አልኩ፣ ቀጥዬም «ማንም ያላሳደደው» አልኩ። የራሴን እጅ ጽሑፍ አየሁት። ቢሆንም እስከ ፊርማው አነበብኩ።

በቀስታ፣ «ወንድሜ» አለኝ አስተርጓሚው፣ «እኔ የሰማሁትን ሁሉ መተርጎም ግዴታዬ ነው። ልቀጥል?»

«ቀጥል» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ፣ የአባቴ ፊርማ ነው።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «በሰላም ኖሮ በሰላም የተሸኘ» ብለው ደገሙ። «ታዲያ የሸሸኸው ከሰላም ነው?»

ጥያቄው መሠረት የለውም የሚል ውሳኔ መጣ። ይግባኝ የምልባት አጭር ጊዜ ተሰጠችኝ፤ ካለፈች መባረር ነው። እያሱ የውሳኔውን ደብዳቤ ሲያይ ሱቁ ውስጥ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ መላ አመጣ፦ አባቴ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፍ። የመጀመሪያው ተገድጄ የጻፍኩት ነው፣ ልጄ ይፈለግ ነበር ይበል። ያው ማህተም ይመታበት።

መምህር ታደሰን አማከርኩት። «ሀገር ቤት ተመልሰህ በትክክለኛው በር መሞከር ትችላለህ» አለኝ። «በሩ ጠባብ ነው፣ አልዋሽህም፤ ላትገባበት ትችላለህ። የአባትህን ነገር ግን እኔን አትጠይቀኝ።»

እሑድ ከአምልኮ መልስ ደወልን። ስልኩ አሁንም የስኳር ጣሳው ላይ እንደሆነ ከድምፁ አወቅኩ። እያሱ አስረዳ። አንድም ቦታ «ውሸት» የሚል ቃል አላስገባም፤ ጎበዝ ነው። ሲጨርስ እናቴ ስትተነፍስ ይሰማ ነበር።

«ሳሙኤል» አለ አባቴ። «አለህ?»

«አለሁ አባ።»

«እኛ ጋ በሰላም አልኖርክም?»

እያሱ ክርኔን ያዘኝ። የኪስ ማስታወሻዬ ውስጥ ስንት ስንኝ አለ፤ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል አላበደረኝም።

«ኖሬያለሁ» አልኩ።

«ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አባ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለ እያሱ። «ካልተጻፈ ይባረራል።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጨርቅ ሲፈታ ሰማሁ፤ ያን መሐረብ የትም ብሆን አውቀዋለሁ። ከዚያ እንጨት ላይ ኳ የሚል ትንሽ ድምፅ።

«ማህተሙ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው» አለ አባቴ። «ልጄ እንዲባረርብኝ አልፈልግም። ለአንድ ነገር ሁለት ዓይነት ቃል መፈረም ግን አልችልም። የሚችል ካለ ይምታበት።»

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው እናቴ። «ዝናብ ነው እኮ።»

የአባቴን እርምጃ ቆጠርኩ። የቆርቆሮው በር መሬቱን እየፋቀ ተከፈተ፣ ዝናቡ ለአፍታ ስልኩን ሞላው፣ ከዚያ በሩ ተዘጋ።