ሊቀመንበሩ እጁን ያወጣ ዕለት

ግመሏ ያልናት ኮረብታ አሁንም እንቅልፌ ውስጥ ትነሳለች። ስሙን ያወጣንላት እኛ የድሬ ልጆች ነን፤ ጀርባዋ ጉብ ያለ፣ አንድ ዛፍ የሌላት። ሁርሶ ማሰልጠኛ ሰልጥነን በወጣን በወሩ ወደ ሰሜን ወስደው እሷ ላይ አሰፈሩን። ምሽግ ቆፍሩ ተባልን። ድንጋዩ ከሥሩ ብረት የተነጠፈ ይመስል አካፋውን እያነጠረ መለሰው። እስከ ጉልበት ቆፈርን፣ ዙሪያውን ካብ ካብን፤ ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ኑሯችን ቁጭ ማለት ሆነ። ከፊታችን ካለው ተራራ ላይ አነጣጥሮ ተኳሽ ነበር። ቀና ያለ አይተርፍም።

ፍርሃቴን ልንገራችሁ። ልቤ ሲመታ ድሬ፣ መጋላ ገበያ ያለ የሱቅ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል ብዬ እምል ነበር። ዝንብ ባለፈች ቁጥር ጥይት ናት ብዬ እደፋለሁ። በቀን መቶ ጊዜ እሞታለሁ። ይህን ሳወራ አጠገቤ የሚቀመጠው ሙሜ ከሚጽፈው ነገር ቀና ሳይል፣ «የዚህ ልጅ ወሬ በአሥር ይካፈል» ይላል።

ሙሜ ከድሬ ወጣ ብላ ያለችው የዋሂል ገበሬ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠንም፣ የምር የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ስለነበረም፣ ሁላችንም ሊቀመንበር እንለዋለን። ፊደል የቆጠረው ልጆች ከወለደ በኋላ ነው። የገበሬው የመስኖ ውሃ ለሌላ አይሰጥም ብሎ ሹሞች ፊት ተናግሮ ታሰረ፤ እስር ቤት ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ምሽግ ውስጥም የብስኩት ካርቶን እየቀደደ የመንደሩን ሰው ታሪክ ይጽፋል፤ ዳኛ ፊት ሲቆም ደንግጦ የገዛ ስሙ ስለጠፋው አራሽ፣ ፍየሏን ለምስክርነት ፍርድ ቤት ስላቀረበች ሴትዮ። ሲያነብልን ትንሽ እንተነፍሳለን።

ችግሩ ሙሜ ቁጭ ብሎ መናገር አይችልም። ዕድሜውን ዛፍ ሥር ስብሰባ የመራ ሰው ነው፤ እነሱ ዘንድ የሚናገር ይነሳል፣ የሚስማማ እጁን ያወጣል። አሥር አለቃችን ስንቴ በቀበቶው ጎትቶ አስቀምጦታል። በመጨረሻ ደንብ ወጣ፤ በዚህ ምሽግ እጅ የሚወጣው እስከ ጆሮ ብቻ ነው። ድምፅ ያሰጠበት ሙሜ ራሱ ነበር። በሙሉ ድምፅ፣ እስከ ጆሮ፣ አለፈ።

ያን ዕለት ውሃ ካለቀብን አድሮ ነበር። ከንጋቱ ጀምሮ ሞርታር ወረደብን። መሬቱ ይዘላል። አንድ ጓዳችን መትረየሱ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ሌላው ሆዱን ተመቶ፣ ውሃ ውሃ እያለ ያቃስታል። ምላሴ የጫማ ሶል ሆኗል። ይሄ ሳይካፈል ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥር አለቃው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ሰው ሸለቆው ድረስ ወርዶ ውሃ ማምጣት አለበት አለን። የሚልከውን ሲመርጥ ዓይኑ ዞረ፣ ዞረና እኔ ላይ ቆመ።

«አሥር አለቃ፣ ለዚህ ሰው አይታዘዝም» አለ ሙሜ። «ይጠየቅ።»

«እሺ፣ ጠይቃ» አለው፤ ደክሞታል።

«ወዶ የሚሄድ እጁን ያውጣ» አለና ራሱ ቀድሞ አወጣ።

እስከ ጆሮ አልነበረም። ዋሂል ዛፍ ሥር እንደሚያወጣው፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከወገቡ ብድግ ብሎ ነው ያወጣው። አሥር አለቃው ሊጎትተው ሲወረወር ጥይቱ ቀደመው።

ጭኔ ላይ ወደቀ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ተቆጠረ?» አለኝ።

«ተቆጥሯል፣ ሊቀመንበር» አልኩት። ዓይኑ እኔ ላይ እንዳለ ቀረ።

እኔም እጄን እስከ ጆሮዬ አወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ መቀመጡ ከመውረዱ ባሰብኝ። ከአንድ የመጋላ ልጅ ጋር በደረታችን እየተሳብን ወረድን። ጀሪካኑ ድንጋይ በነካ ቁጥር ሁለታችንም እንሞታለን። ሞልተን ስንመለስ የሚያቃስተው ጓዳችን ውሃው ሳይደርስለት አርፎ ነበር።

በማግስቱ አሥር አለቃው በሬዲዮ ሲያስመዘግብ ሰማሁት። ከጋንታችን የሞተ፣ ሦስት።

ዛሬ ድሬ ውስጥ የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ፣ የተስማማችሁ እጅ አውጡ ሲባል፣ እኔ የማወጣው እስከ ጆሮዬ ነው። ቆጣሪው አያየኝም። «አቦ፣ በደንብ አውጣ እንጂ፣ ጆሮህን ነው የምታከው?» ይሉኛል የሰፈሩ ልጆች። ይሳቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ወሬዬን እንደለመዳችሁት በአሥር አካፍሉት፤ ሦስቱን ግን እንዳሉ ቁጠሩልኝ።