እያሰብሽ ንገሪኝ

በደርግ ዘመን ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ ከእህቴ ጋር ስኖር ሒሳብ ያስጠኑኝ የነበሩት ጎረቤታችን፣ አስመራ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ነፍሴ እስኪወጣ እወዳቸዋለሁ፤ ያኔ ግን ነጋ ጠባ እንጨቃጨቅ ነበር። መልሱን ሳገኝ «ጎሽ» እንደማለት፣ «ልጄ፣ እንዴት እዚያ ደረስሽ? እያሰብሽ ንገሪኝ» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ ልክ ነው አይደል? ሌላው ምን ያደርግልዎታል?»

«ልክ መሆኑንማ መጽሐፉም ይነግረኛል። አንቺ ምን እንዳሰብሽ ግን አይነግረኝም።»

እንደ እብድ ብቻዬን ስለፈልፍ እህቴ ጓዳ ሆና በሳቅ ትሞታለች። በሽቄ እርሳሱን የወረወርኩበት ቀንም አለ። አንስተው ቀርጸው ሰጡኝ። አለመቆጣታቸው ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

የእህቴ ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም ነበርና፣ ያለ ክፍያ ሊቀበለኝ የሚችል አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ተገኘ። ፈተናውን ከወደቅኩ ትምህርቴ እዚያው ያበቃል። ፈታኟ ኬንያዊት ርእሰ መምህርት ወረቀቴን እያዩ አንዱ ጥያቄ ላይ ቆሙ። አውቶቡስ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት በስምንት ሰዓት ከናይሮቢ ተነስቶ ከቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ኪሱሙ ይገባል፤ ስንት ሰዓት ተጓዘ? እኔ ዐሥራ አንድ ብያለሁ።

«እየተገፋ ነው እንዴ የሄደው?» አሉኝ።

አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጮክ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። «የጠዋቱ ስምንት ለእኔ ሁለት ሰዓት ነው፤ በሆዴ ሁለት አልኩ። ከሁለት ተነስቼ እስከ አንድ ቆጠርኩ... ቆይ! አንዱን አልለወጥኩትም! ሁለቱ የእኔ ሰዓት፣ አንዱ የእናንተ። ወይኔ ጉዴ! እሱም ሰባት መሆን ነበረበት። አምስት ሰዓት ነው!»

ሴትዮዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። በስዋሂሊም የጠዋቱ ስምንት ሁለት ሰዓት ነው ለካ! እሳቸውም በልጅነታቸው እንዲሁ ይምታታባቸው እንደነበር ነገሩኝና «ሰኞ ትምህርት ጀምሪ» አሉኝ።

እየሮጥኩ ጋሼ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አወራሁላቸው። ስህተቱን ራሴ እንዳገኘሁት ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግሽም» አሉ ደስ ብሏቸው።

ቱግ አልኩ። «አያስፈልጉኝም ያለዎት ማን ነው? ነገም እመጣለሁ!» ብዬ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።