የቆርቆሮ ሥጋ ያልበላው ሰውዬ

በ2005 ዓ.ም. የጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መካነ ሰላም በሚገኘው ቤታችን ውስጥ ሰውዬው በረሃብ ሞተ። ከረጢቱ ውስጥ ያልተከፈተ የቆርቆሮ ሥጋ ነበረው።

ሰውዬው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ስም ይኑረው አይኑረው አልጠየቅንም፤ እኔም የጎረቤታችን ልጅ ሰይድም «ሰውዬው» ነበር የምንለው። ሁለታችንም ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ጨዋታው ዓለም ካለቀች በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳያል፤ ምን እንዳጠፋት ግን አይናገርም። ከተማ አለ፣ ሰው የለም። የተገለበጡ አውቶቡሶች፣ መስኮታቸው የወለቀ ፎቆች፣ በሁሉም ላይ ያለማቋረጥ የሚወርድ አመዳይ። ሰውዬው በዚህ መሀል ብቻውን ይሄዳል። እንጨት ለቅሞ እሳት ያነዳል፣ በረዶ አቅልጦ ይጠጣል፣ በየባዶው ቤት እየገባ የሚበላ ይፈልጋል። የብርዱን ወራት ካለፈ አሸነፈ ማለት ነው። በእኛ እጅ አንድም ጊዜ አላለፈም።

ላፕቶፑን ያመጣችው ታላቅ እህቴ ያሻረግ ናት። ጅዳ ሦስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ቆይታ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተመለሰች። የአሠሪዋ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእሷ ሰጣት፤ ጨዋታው ከውስጡ ነበር። ባትሪው ስለሞተ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። መብራት ሲሄድ ሰውዬውም ድንገት ይጨልምበታል፣ እኛም መብራቱ እስኪመለስ ብርዱ ያገኘው ይሆን እያልን እንጨነቃለን። ላፕቶፑ ሲግል አዲስ ጫማ የሚመስል ሽታ ነበረው። ያ ሽታ ከጓሮ ከሚመጣው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬም የሞቀ ኮምፒውተር ሲሸተኝ ለአፍታ ጥር ይሆንብኛል።

«ይህን ሁሉ የሠራው አንድ ሰው ነው አሉ» አለችን ያሻረግ አንድ ቀን። ድርጅት የለውም፤ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሥዕሉንም ዜማውንም በረዶውንም እሱው ነው የሠራው። እማዬ በበሩ በኩል ስታልፍ ሰምታ ቆመች።

«ምን ደርሶበት ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው?»

«ብቻውን ሆኖ ነዋ» አለች ያሻረግ።

በእነዚያ ወራት እማዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያሻረግ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ እንድትበላ። ከመጣች ጀምሮ ቀርባ አታውቅም። በትንሽ ሳህን ለብቻዋ ትይዝና ላፕቶፑ አጠገብ ትቀመጣለች። ለምን ሲሏት «ስለት አለብኝ» ትላለች። ሥጋ ከናካቴው አትነካም። የገና ዕለት ቤቱ ሁሉ ወጥ ወጥ እየሸተተ እሷ ዳቦ በሻይ በላች። ጎረቤቱ ተመልሳ ልትሄድ ነው ይል ጀመር። እማዬ ለማንም መልስ አልሰጠችም፤ ግን አንድ ማለዳ ሳህኗን እያጠበች «መጣች እንጂ ገና አልገባችም» ስትል ሰምቻለሁ። የተናገረችው ለሳህኑ ነበር።

አካሄዷን መናገር አለብኝ። ደላላው ለሳዑዲ የክርስቲያን ስም አያዋጣም ስላለ ፓስፖርቷ ላይ «ዘሀራ» ተብላ ወጣች። በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ልትሄድ ሳምንታት ሲቀሯት የሰይድ አያት አባ እንድሪስ በየማለዳው ግቢያቸው ውስጥ አስቀምጠው አሰጋገዱንና የሰላምታውን አመላለስ አሳዩዋት። «እንዳያሳፍሩሽ ብዬ ነው እንጂ ልቀይርሽ አይደለም፣ አብሽሪ» ይሏት ነበር። እማዬ አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማለች። ሰላምታውን ከያሻረግ ቀድማ የያዘችው እሷ ናት።

ወሎ ላደገ ሰው የሥጋውን ነገር ማብራራት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልናገር። ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን። ይህ ለጠብ ሆኖ አላየሁም። እኛ ቤት ድግስ ሲኖር አንድ በግ በነፍሱ ለአባ እንድሪስ ይሰጣል፤ እሳቸው አርደው ለእስላም እንግዶች በሌላ ድስት ይሠራል። እነሱም ሲደግሱ እንዲሁ። ድስቱ ሁለት ነው፣ ሳቁ አንድ ላይ ነው። እኔና ሰይድ በዚህ ውስጥ ስላደግን ሰውዬው የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ያገኘ ቀን የጠየቅነው ሌላ ልጅ የማይጠይቀውን ነው።

«ማን አረደው?» አለ ሰይድ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«እንግዲያው አይበላም።»

«በእኔ ተራ ይብላ። በአንተ ተራ አይብላ።»

ሰይድ አሰበበት። «ሆዱ አንድ ነው» አለ። «በአንቺ ተራ የበላው በእኔ ተራ የት ይሄዳል?»

ስለዚህ ሰውዬው ሥጋ አይበላም ተባለ። እንጉዳይ፣ የደረቀ ባቄላ፣ አልፎ አልፎ ከየቤቱ ጓዳ የሚያገኘው ብስኩት። ሥጋውን ግን አንጥለውም፣ ምግብ አይጣልም፤ ተሸክሞት ይዞራል። ብርዱ ሲጠና እንጉዳዩ ይጠፋል፣ ቀዩ የረሃብ መስመር ያጥርና ሰውዬው ከድልድዩ ሳይሻገር ይንበረከካል። ከዚያ በኋላ በረዶው ያለብሰዋል። ያሻረግ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ትከፍትልናለች፤ የመክፈቻውን ገጽ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ጥር ማለዳ ላይ እኛም ሜዳው ነጭ ሆኖ ነበር የምንነሣው። ውርጭ ሣሩን አድርቆት በእግራችን ስር ኮሽ ኮሽ ይላል። ጉሙ ከገደሉ በኩል ወጥቶ ከተማዋን ሲውጣት የትምህርት ቤቱ ደወል ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የሰውዬው አገር ከመስኮታችን ወዲያ የሚቀጥል ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ማለዳ በጉሙ ውስጥ ከረጢት ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሳይ እቆማለሁ። ሲቀርብ ወደ ገበያ እህል የሚወስድ ገበሬ ይሆናል።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ሰውዬው ድልድዩ ላይ እንደተለመደው ተንበረከከ። ያሻረግ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላችን ታይ ነበር።

«ሥጋውን ካላበላችሁት ሁልጊዜም እዚችው ነው የሚሞተው» አለች።

«ማን እንዳረደው አይታወቅም» አላት ሰይድ።

«ማንም ይረደው።»

«ለአንቺ ቀላል ነው» አልኋት እኔ። «አንቺ ሥጋ አትበዪም።»

ሰይድ ተነሣ። «አባባን እጠይቃለሁ» አለ፤ እኔም ተከተልሁት።

አባ እንድሪስ በራችን ላይ ከእማዬ ጋር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እሳቸው ገመድ ይገምዳሉ፣ እማዬ ሰፌድ ይዛ ከደጎሎ የመጣ ምስር ትለቅማለች። በሩ ክፍት ነው።

«አባባ፣ አንድ ሰው አለ» አለ ሰይድ።

«ይኑር» አሉ አባ እንድሪስ፤ ቀና አላሉም።

«ርቦታል። የታሸገ ሥጋ ይዟል፣ ግን ማን እንዳረደው አያውቅም። ይብላ ወይ?»

አባ እንድሪስ ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «የት ነው ያለው?»

«ሩቅ ነው። በረዶ አገር።»

«የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም።»

«እስላም ነው ክርስቲያን?»

ሰይድ ወደ እኔ አየ። «የሁለታችንም ነው» አልሁ።

«ሌላ የሚቀምሰው የለም?»

«እንጉዳይ ነበረው፣ አለቀ።»

«ያ ረቢ» አሉ አባ እንድሪስ። «እንጉዳይ ነው የምታበሉት?»

እማዬ ምስሩን መልቀም ተወች። «አጠገቡ ሰው የለም?»

«ማንም የለም እማዬ። ዓለም አልቋል።»

«እዚህ አላለቀም» አለች እማዬ። «እሱ ያለበት ነው ያለቀው።»

አባ እንድሪስ ለሽምግልና የተቀመጡ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የተናገሩት ለሁለት ልጆች ከሚበቃው በላይ ጮክ ብለው ነው። ያሻረግ ከበሩ ጀርባ እንደነበረች ያውቁ ነበር። ጅዳ ምን እንደሚበላም የሚያውቁ ሰው ናቸው። አውቀው ጮኸው ይሁን የጆሯቸው ነገር ይሁን አላረጋገጥሁም፤ በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኋቸውም።

«ይብላ» አሉ። «ብቻውን ሆኖ የራበው፣ ሌላ የሌለው ሰው ይብላ። በእኛ ይፈቀድለታል። በእናንተስ?»

«የእኛን ቄሱ ያውቃሉ» አለች እማዬ። «እኔ ግን እናቱ ብሆን ይብላ ነው የምለው። ይብላና ይምጣልኝ። ከመጣ በኋላ ንስሐም አለ፣ ጠበልም አለ።»

«ሦስት ዓመት ቢበላስ?»

ያሻረግ በሩ ላይ ቆማለች። ሳህኗ እጇ ላይ ነው። እኔና ሰይድ ሦስት ዓመት የሚቆይ ቆርቆሮ የለም ልንል ነበር፤ የእማዬን ፊት አይተን ተውን።

«ሦስት ዓመትም ይርባላ» አለች እማዬ።

«በሌላ ስም እየተጠራ፣ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ?»

«ቢቆምስ ያጠግበዋል?»

ያሻረግ ቀጠለች። «ግመልም ቢሆን?»

እማዬ ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ግመል?»

«ግመል።»

እማዬ በእጇ ጀርባ አፏን ሸፈነች። ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ምን ይላል?» አለች።

«ይጠነክራል። በሩዝ ነው የሚሰጡት።»

አባ እንድሪስ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «እኔ ሽበት አውጥቼ፣ እስላም ሆኜ፣ ግመል ቀምሼ አላውቅም» አሉ። «ይቺ ልጅ በለጠችኝ።»

እማዬ አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ አጠገቧ ቦታ ለቀቀች። «ነይ፣ ምስሩን አግዢኝ» አለቻት። ያሻረግ ሳህኑን ደፉ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይነጋገሩ፣ ጠጠሩን እየለዩ ወደ ጎን ሲጥሉ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ስብሰባ፣ ብዙ ዕርቅ ላይ ተገኝቼ ዘግቤያለሁ። እንደዚያ ጸጥ ያለ አላጋጠመኝም።

ጥቂት ቆይታ ያሻረግ እጇን እያራገፈች ገባች። «ቆዩ፣ እንደ አዲስ ላውጣላችሁ» ብላ ቁልፎቹን ነካካች፤ የሆነ ነገር ስትጽፍም ከወትሮው ትንሽ ቆየች። ሰውዬው እንደገና በባዶው ከተማ መግቢያ ላይ ቆመ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰውዬው ቆርቆሮ አገኘ። ሰይድ «ቢስሚላህ» አለ፣ እኔ አማተብሁ፣ ሰውዬው በላ። ቆርቆሮው ሲከፈት ትንሽ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበረው፤ የሠራው ሰው ለዚያች እንኳ ድምፅ አበጅቶላታል። ቀዩ መስመር ረዘመ። ድልድዩን ተሻገረ። ከድልድዩ ወዲያ ምን እንዳለ ያን ቀን ነው ያየነው፤ ዛፍ ነበር፣ በረዶ ያላጎበጠው።

እራቱ የምስር ወጥ ነበር። ያሻረግ እጇን ታጥባ ወደ ትሪው ቀረበች። እማዬ የመጀመሪያውን ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ እጇን ቶሎ አልመለሰችም። በሳምንቱ ሁለቱ አብረው ወደ ንስሐ አባታችን ሄዱ፣ ጠበልም ተጠመቀች። የፋሲካ ዕለት ከበጉ የበላችው ከሁላችን በላይ ነው። ትንሿ ሳህን የዶሮ ውኃ መስጫ ሆነች።

ያሻረግ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ሄደች። በዚህ ጊዜ ቤሩት ነው፣ በገዛ ስሟ። አሁን ደሴ ባለትዳር ናት፤ መጋረጃ ትሰፋለች። አባ እንድሪስ አርፈዋል። ሰይድ ከአጅባር ደሴ ሚኒባስ ይነዳል። ስንገናኝ ሰላምታው ያው ነው። «ማን አረደው?» ይለኛል፣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፤ ተሳፋሪው ግራ ይጋባል።

የያሻረግ ልጆች ዛሬ በስልክ ይጫወታሉ። የእነሱ ጨዋታ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ሥዕሉም ከእውነት አይለይም። እያንዳንዱ የራሱ ስልክ፣ የራሱ ሰው፣ በጆሮው የተሰካ የራሱ ድምፅ አለው። ይጣፍጣቸዋል፣ አልነቅፍም። የእኛ ግን አንድ ሰውዬ ለሁለት ነበር፤ ስለሚበላው ነገር አደባባይ ወጥተን ሽማግሌ የጠየቅንለት፣ እናቴ አይታው ሳታውቅ ይምጣልኝ ያለችው። አሁንም ጉም የወረደበት መንገድ ላይ ለሥራ ስጓዝ በመስኮቱ በኩል ከረጢት የተሸከመ ሰው እፈልጋለሁ።

ባለፈው ገና እማዬ ጋ ነበርሁ። ላፕቶፑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥኑ ታች ተቀምጧል። ሶኬት ላይ ሰካሁት። ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ሲግል ሽታው ያው ነው። ጨዋታውን ከፍቼ የመክፈቻውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አነበብሁ። ሁለት የተቀመጡ ጨዋታዎች አሉ። ከላይ ያለው ስሙ ዘሀራ ይላል፤ አጠገቡ የመቃብር ምልክት አለ። ከሥሩ ያለው ያሻረግ ይላል፤ አጠገቡ የእሳት ምልክት አለ፣ እሳቱም ይነዳል።