በአፌ የቀበርኩት ሰው

በደርግ ጊዜ ነው፤ መተማ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝ። ዛሬም ሰው በስም ጥሪ ሲቆጠር ካየሁ ያ ቀን ይመጣብኛል።

አገሬ መንዝ ነው። ቆላው ላይ ዘመድ ስላልነበረኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ገባሁ። ማኅበሩ እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው ይላሉ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርደው ወባ የጣላቸውን፣ ማደሪያ የሌላቸውን የቀን ሠራተኞች በሣር ዳስ አስተኝቶ ያስታምማል፤ የሞተውንም ይቀብራል። የእኔ ድርሻ መጻፍ ነበር። አንዱ ሲመጣ የክርስትና ስሙን ጠይቄ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፤ ቢሞት ቄሱ ፍትሐት የሚያደርሱት በዚያ ስም ነዋ። የአባት ስም፣ አገር አልጽፍም ነበር። ጥፋቴ እሱ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አጥሚት ሳድል የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ገባና ደብተሩን አነሳ።

«ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ… የአባት ስም የለ፣ አድራሻ የለ። ጓድ መምህርት፣ ይሄ የምስጢር ስም ነው። የማን ሕዋስ ነው?»

«የክርስትና ስም ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ባለቤቶቹን አሳዪኝ። አንድ ቢጎድል ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

ከእሱ ጋር ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ይጠራ ጀመር። «ገብረ ሥላሴ» ሲል አንድ ጎጃሜ ከጋቢው ውስጥ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ ጌታው። እናቴ የምትጠራኝ አበጀ ብላ ነው። ቆመህ ተናገር ካሉኝ ግን ለነገ ይቅጠሩኝ።» አንደኛው ታጣቂ ሳቁን ዋጠ። ኃላፊው አልሳቀም።

ካልተሰረዙት ዘጠኝ ስሞች የስምንቱ ባለቤቶች ተገኙ። ዘጠነኛው ፍቅረ ማርያም ነበር። እሱ ትኩሳቱ እንደለቀቀው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል፤ ዳሱ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ጊዜ የኮበለለ ከሃዲ ነው፣ ያስታመመውም አብሮ ይጠየቃል።

«ፍቅረ ማርያም የት አለ?»

«አርፏል። ትናንት ቀበርነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«ማን አየ?»

መቃብሩን አሳዪኝ ሊል ነው ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አየሁ። በዚያ ሰሞን ትኩስ መቃብር አይጠፋም ነበር።

«ከጎኔ ነው የሞተው ጌታው» አለ ጎጃሜው። «ነፍሱን ይማር።»

በሽተኞቹ ሁሉ፣ መናገር የከበዳቸው ሳይቀሩ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ።

ኃላፊው ጥቂት አየን። ከዚያ ስሙ ላይ መስመር አሰመረ፣ ደብተሩን ወረወረልኝና ወጣ።

ስለ ውሸቴ ለነፍስ አባቴ ተናዝሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። አሁን የምፈራው ለራሴ አይደለም። ያን ሰው በአፌ ገድዬው ምናልባት መንገድ ላይ እውነት ሆኖበት እንደሆነስ እላለሁ። ስለዚህ በጸሎቴ ስሙን የምጠራው፣ እስካሁንም፣ ከሕያዋን ጋር ነው።