በሁለት እጀታ የተላለፈ ምርቃት

ልጄ ናሆም ሰሞኑን የዌብ ሰርቨር ኮድ እያነበበ ራሱን ይነቀንቃል። ትናንት ፓፓያ ቆርጬ ሳቀርብለት፣ «ምኑ ነው እንዲህ ያስደነቀህ?» አልኩት።

«ይኸውልሽ እማዬ፣ እያንዳንዱ ግንኙነት ላይ ሁለት የኮድ ቁራጭ ይታሰራል። አንዱ የሚነበብ ሲመጣ ይነቃል፣ ሌላው መጻፍ ሲቻል። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።»

«ኤዲያ! ይሄንንማ እኔ ናዝሬት ሠርቼዋለሁ» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ።

በደርግ ዘመን የናዝሬት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። እኛ ኦፕሬተሮች ሳንተያይ በድምፅ ብቻ እንዋደድ ነበር፤ የምንጠራራውም በከተማችን ስም ነው። «አካም፣ ናዝሬት!» ትለኛለች ሞጆ። የሞጆን መልክ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አንድ የግንቦት ረፋድ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ ጥርሳችን ውስጥ ሲንኮሻኮሽ፣ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ መጡ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ዝዋይ አድሯል፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ወደ ሰሜን ሊጫን ነው። ሳልመርቀው አይሄድም ብለው ነው የመጡት።

ዝዋይን አገኘሁ፤ እሷም ልጁን ስልክ ቤቷ አስጠራችልኝ። የልጁ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ የእሳቸው ግን አይደርስም። «እማዬ፣ አለሽ?» ይላል። «አለሁ! አለሁ ልጄ!» ይላሉ። «እማዬ?» ይላል ደግሞ።

በሞጆ በኩል ሌላ መስመር ሞከርኩ። ይሄኛው ተቃራኒ ሆኖ አረፈው፤ የእኛ ድምፅ ዝዋይ ይደርሳል፣ የዝዋይ አይመለስም። ይህንንም ያወቅኩት ዝዋይ በፊተኛው መስመር «በሞጆ በኩል ሰማሁሽ» ስላለችኝ ነው።

አለቃችን ጋሽ ታደሰ፣ «መስመሩ ተበላሽቷል፣ ዝጊው! ሰው ይጠብቃል» አሉኝ።

«አልዘጋም!»

«አንቺ ልጅ፣ እንጀራሽን ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ። ግን አልዘጋም።»

አንዱ መስመር ያሰማል፣ ሌላው ያናግራል፤ ታዲያ ምን ጎደለ? ሁለቱንም ሰካሁና እትዬ በላይነሽን ሁለት የስልክ እጀታ አስያዝኳቸው፤ አንዱን ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን አፋቸው ላይ። «ዝዋይ፣ ለልጁም እንደዚሁ አድርጊለት!» ብዬ ጮህኩ።

«እማዬ?»

«ልጄ! እመብርሃን ትከተልህ! ክፉ አይንካህ!»

«አሜን! አሜን እማዬ!» አለ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ተቋረጠ። ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆሙ። ስለ እንጀራዬም ዳግመኛ አላነሱም።

ልጁ አልተመለሰም። እትዬ በላይነሽ ግን እስኪያርፉ ድረስ፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያን ደጅም ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኝ ነበር።

«ሰምቶኛል አይደል?»

«አሜን ብሎ የለም እንዴ፣ እትዬ!»

ይህን ስነግረው ናሆም ሳቁን ተወ። ፓፓያውን አስቀመጠና፣ «ባይሳካልሽስ ኖሮ፣ እማዬ?» አለኝ።

«እስኪሳካ አልዘጋማ!»