መሀል ላይ የቆመች መርፌ

አባቴ ሞተር እንዳስነሳ ወዲያው አይነዳም ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የአምፔር መለኪያ መስታወት በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ይጠብቃል። መርፌዋ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው ማለት ነው። ባትሪው ሲሞላ ቀስ ብላ ወደ መሀል ትመለሳለች። ያኔ «ጠገበች» ይልና ማርሽ ያስገባል። በጅግጅጋና በባቢሌ መሀል አርባ ዓመት የተመላለሰው እንዲህ መሀል የቆመች መርፌ እያየ ነው።

መኪናዋ አሮጌ የእንግሊዝ ሥሪት፣ የቤንዚን ናት። በ2010 ክረምት ጅግጅጋ ስትረበሽ ሱቃችን ተዘረፈ። እሷን ግን ሶማሌው ጎረቤታችን ግቢው አስገብቶ በሸራ ሸፍኖ አተረፈልን። ዘመዶቻችን ወደ ሸዋ ተመለሱ ብለው ቢወተውቱትም አባቴ እምቢ አለ። «መኪናዋ እስካለች ሰው ነኝ» አላቸው። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከዳሽቦርዱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ኤሌክትሪክ ተምሬ የመሥሪያ ቤት ጄኔሬተር የምጠግን ሰው ነኝና ፈታሁት። የመኪናዋ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በዚያች ትንሽ መለኪያ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ብሎኗ ላልቶ ሽቦው ጠቁሯል፤ ትንሽ ቢቆይ እሳት ይነሳ ነበር። አባቴ ብሎኗን ብቻ አጥብቅልኝ አለኝ። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ። ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ አሰርኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ በአምፔር መለኪያዋ ቦታ ከገበያ ያመጣሁትን ቮልት መለኪያ ገጠምኩ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ዛሬም ቢፈተሽ እንከን አይገኝበትም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

«እንዴት ነው የምትነበበው?» አለኝ።

«ያው ነው አባዬ። እሷም የባትሪውን ነገር ነው የምትነግርህ።»

ያው አልነበረም። ቮልት መለኪያዋ ላይ መሀሉ አሥራ ሁለት ነው። ሞተር እየሠራ መርፌዋ እዚያ ከቆመች ዲናሞው አይሠራም፤ ባትሪው ብቻውን እያለቀ ነው። ደህና የምትሆነው ወደ ቀኝ አዘንብላ አሥራ አራት አካባቢ ስትቆም ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም። ሽማግሌ ማስረዳት ታክቶኝ ነው።

ለወራት መርፌዋ ወደ ቀኝ አዘንብላ ስትቀር «ይሄ ባትሪ አልጠግብ አለ» እያለ ይጨነቅ ነበር። ሰምቼ አልፌዋለሁ። አንድ ጠዋት የዲናሞው ካርቦን አልቆ፣ ባትሪውን መሙላት አቁሞ ኖሮ መርፌዋ መሀል ሆና አገኛት። ደስ ብሎት «በስንት ጊዜዋ ጠገበች» አለና ወደ ባቢሌ ወጣ።

ለውዝ ጭኖ ሊመለስ ሲል ሞተሩ በግድ ተነሳ። መርፌዋ ግን እዚያው መሀል አካባቢ ስለነበረች አመናት። ካራማራ አቀበት ላይ ጉምና ዝናብ ያዘው። መብራቱንና የዝናብ መጥረጊያውን ሲያበራ የቀረችው የባትሪ ጉልበት አለቀች፤ ሞተሩ አቀበቱ ላይ ጠፋ። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተው። ሹፌሮች ወርደው ገፍተው ዳር አወጡት። አንደኛው፣ ሶማሌ ነው፣ አጎቴ እንደማለት «አዴር፣ አሁንስ ይብቃህ፣ ቤትህ ተቀመጥ» አለው። በክፋት አልነበረም። ከዚያ በገመድ ጎትተው ከተማ አስገቡት።

«መርፌዋን አይቻለሁ» አለን እቤት ሲገባ። «መሀል ነበረች። ዓይኔ ነው የከዳኝ።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እህቴ «እሰይ፣ አደጋ ሳይመጣ ብትተወው ይሻላል» አለችው። እኔ በማግስቱ ዲናሞውን ፈትቼ ያለቀውን ካርቦን በእጄ ይዣለሁ፤ ዓይኑ እንዳልከዳው አውቃለሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አልነዳም። እሱስ ባልከፋ፤ ዓይኑን ማመን ተወ። የእጅ ሰዓቱን ወደኔ ዘርግቶ «ስንት ይላል?» ይለኛል። መድኃኒቱን አንብቡልኝ፣ በር ላይ የቆመው ማነው ይላል። እህቴ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ሐኪሙ ለዕድሜው ደህና ያያል አላት። አባቴ ሐኪሙን አላመነም።

ባለፈው ዓመት አሮጌ መኪና የሚወድ አንድ ሰው ከሽንሌ መጥቶ ገዛት። አባቴ እዚያው አጠገባችን በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው መሪው ላይ ሆኖ ወደ መለኪያዋ እያመለከተ «ወንድሜ፣ ይቺ እንዴት ነው የምትነበበው?» አለኝ። እኔም ምን ነካኝ፣ አስረዳሁት። መሀል ከቆመች አትመናት፣ ባትሪው ብቻውን ነው፤ አሥራ አራት ላይ ስትሆን ነው ደህና፤ ከድሮው ዓይነት ጋር እንዳታምታታው፣ የድሮው ላይ መሀል ጥሩ ነበር። ደጋግሜ፣ እስኪገባው ድረስ። አመስግኖኝ ሄደ።

ዞር ስል አባቴ እያየኝ ነበር።

«ለሱ ነገርከው» አለኝ።

እጁን አንስቶ ሰዓቱን አየና «ዘጠኝ ተኩል ነው» አለ። ስልኬን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል ነበር።